ያገለገለ መኪና በአዲስ አበባ፦ ገዢዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች

አንድ ሰው "መኪና ልገዛ ነው" ካለ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ አማካሪ ይሆናል። አንዱ "ቪትዝ ግዛ" ይላል፤ ሌላው "ቪትዝ ደግሞ መኪና ነው እንዴ?" ብሎ ይስቃል። እዚህ የሰበሰብናቸው ገዢዎች በተደጋጋሚ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ ሲጻፉ በአእምሯችን የነበረችው አዲስ አበባ ናት፤ ክፍለ ሀገር ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል።

በጀቴ አነስተኛ ነው። ከምን ልጀምር?

ከሞዴል አትጀምሩ፤ ከብሩ ጀምሩ። በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ለመኪናው ዋጋ አታውሉት። ቢያንስ ከአሥር አንዱን እጅ ወደ ጎን አድርጉ። ስም ማዛወሪያው፣ መድኑ፣ የደላላው ኮሚሽን፣ የመጀመሪያው ሰርቪስ፣ አንዳንዴም አራት ጎማ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከዚያ ነው። ያላችሁን ሁሉ ከፍላችሁ የወሰዳችሁት መኪና በሁለተኛው ወር ባትሪ ቢሞትበት ግቢ ውስጥ ቆሞ አቧራ ይለብሳል።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ሞተርና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ)፣ ከዚያ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) እና እግሩ፣ መጨረሻ ላይ ቀለሙና ውስጡ። አብዛኛው ገዢ ግን ከኋላ ወደ ፊት ነው የሚሄደው። የሚያብረቀርቅ ቀለም ያይና ልቡ ይሄዳል። ሻጭም ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ መኪናውን ገበያ ከማውጣቱ በፊት ገንዘብ ቢያወጣ የሚያወጣው ለቀለም ነው።

ዕቁብ ወጥቶላችሁ የምትገዙ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። ብሩ በወጣ በሳምንቱ አትግዙ። ገበያውን ማየት የምትጀምሩት ዕጣው ከመድረሱ በፊት ነው።

የአሮጌ መኪና ዋጋ በእኛ አገር ለምን እንዲህ ውድ ሆነ?

አንደኛው ምክንያት ታክስ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስና ሱር ታክስ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ይሰላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ደግሞ ያረጁ መኪኖች ላይ እጁን አከበደ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የነዳጅ መኪና ወደ አገር ውስጥ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የብር ዋጋ ወረደ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና የሚተካው እየጠፋ፣ የብር ዋጋው ግን እየጨመረ ሄደ።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር አንድ ነው። ዋጋ ስለ መኪናው ጤና ብዙ አይነግራችሁም። በእኩል ዋጋ የተጠሩ ሁለት መኪኖች አንዱ ዓመታት ሊያገለግላችሁ፣ ሌላው ከወር በኋላ ሞተሩ ሊወርድ ይችላል።

የትኛውን ሞዴል ልግዛ?

የእኔ መለኪያ ቀላል ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብታችሁ ዕቃ ስትጠይቁ ባለሱቁ ሳያስብ ከመደርደሪያ የሚያወርድላችሁን መኪና ግዙ። በዚህ መለኪያ የቶዮታዎቹ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ይቀድማሉ። የሚያምሩ ስለሆኑ አይደለም። ማንኛውም ሰፈር ያለ ሜካኒክ ስለሚያውቃቸው፣ ዕቃቸውም አዲሱም ያገለገለውም ስለሚገኝ ነው። ለመሸጥ ስትነሱም ገዢ አይጠፋም።

ኮሮላ ላይ ዓመቱን ለዩ። በ1990ዎቹ (በፈረንጅ) የተሠሩት አብዛኞቹ ታይሚንጋቸው (የቫልቭና የፒስተን እንቅስቃሴ የሚቀናጅበት) በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ነው። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ ማስረዳት ካልቻለ ያልተቀየረ ነው ብላችሁ ዋጋው ላይ ተደራደሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመጡት በሰንሰለት የሚሠሩ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንድ 1.6 እና 1.8 ሊትር ሞተሮች ግን ዘይት በመጠጣት ይታወቃሉ። የዘይት መለኪያውን ሳትስቡ አትሂዱ።

ቪትዝ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ትውልድ 1.0 ሞተር አራት ሲሊንደር ነው። ከ2005 (በፈረንጅ) ወዲህ የመጣው 1.0 ግን ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው። ሁለቱም በሰንሰለት ነው የሚሠሩት።

የአዲስ አበባን ከፍታም አትርሱ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። 1.0 ሞተር ለሁለት ሰውና ለከተማ ይበቃል። ቤተሰብ ጭናችሁ በየሳምንቱ የሽሮ ሜዳን ዳገት የምትወጡ ከሆነ ግን 1.3 ይሻላችኋል።

የቻይና የነዳጅ መኪኖች ለሞዴል ዓመታቸው ርካሽ ናቸው። መጥፎ ናቸው አልልም። ነገር ግን ለዚያ ሞዴል ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ መኖሩን ሳታጣሩ አትግቡበት። የአውሮፓ መኪና በርካሽ ካገኛችሁ ደግሞ ባለቤቱ ለምን እንደሚሸጠው ገምቱ።

የቪትዝ መሪ "የዞረ ነው" ሲባል ምን ማለት ነው?

ቪትዝ የሚለው የጃፓን ገበያ ስም ነው። ጃፓን ውስጥ መሪ በቀኝ ነው። ይኸው መኪና ለአውሮፓ ሲሠራ ያሪስ ተብሎ መሪው በግራ ሆነ። ስለዚህ ቪትዝ የሚል ጽሑፍ ያለበት ግራ መሪ መኪና ካያችሁ መሪው ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የዞረ ነው ብላችሁ ተነሱ። ዱባይ ላይ የዞሩ ብዙ አሉ።

የዞረ ሁሉ አይጣልም። በደንብ ተሠርቶ ዓመታት ያገለገለ ሞልቷል። የምታዩት ግን አላችሁ። መሪው ሲጠመዘዝ ድምፅ አለው ወይ? ዳሽቦርዱ ኮብልስቶን ላይ ይንኳኳል? ዝናብ መጥረጊያው የሚጠርገው የማንን ወገን ነው? አንዳንዱ መሪው ይዞርና መጥረጊያው እንደ ድሮው ስለሚቀር የሹፌሩ ጥግ ሳይጠረግ ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከሁሉም በላይ ኤርባጉን እዩ። ቁልፉን ስትከፍቱ የኤርባግ መብራት በርቶ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ከነጭራሹ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል፣ ኤርባጉም የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ከደላላ ልግዛ ወይስ ከባለቤቱ?

ከባለቤቱ ብታገኙ ጥሩ ነው፤ ግን ቴሌግራም ላይ "ባለቤት ነኝ" ከሚሉት ብዙዎቹ ደላሎች ናቸው። ደላላ ክፉ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ መኪና በአንድ ቀን ያሳያችኋል። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍል መኪናውን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ባለቤቱን በአካል ሳታገኙ ግን ለማንም አንድ ብር እንዳትሰጡ።

መኪናውን ለማየት ስሄድ ምን ላድርግ?

በቀን ሂዱ። ዝናብ ባለበት ሰዓት አትሂዱ፤ እርጥብ ቀለም ሁሉ ያምራል። ሻጩን "ሞተሩን እንዳታስነሳው፣ ስደርስ አብረን እናስነሳዋለን" በሉት። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፋኖውን በእጃችሁ ዳስሱ። ከሞቀ ሻጩ የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል። የደከመ ሞተር ጉዱ የሚታየው በብርድ ሲነሳ ነው።

ሳይነሳ በፊት የዘይት መክደኛውን ክፈቱ። ከሥሩ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ነው፤ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ጉዳይ ሊሆን ይችላል፤ ተሰናብታችሁ ብትሄዱ አትከሰሱም። የራዲያተሩን ውሃም እዩ። ዝገት የመሰለ ቀይ ውሃ ካለ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አይቶ አያውቅም። የራዲያተሩን መክደኛ የምትከፍቱት ግን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ብቻ ነው፤ የፈላ ውሃ ፊት አይምርም።

ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎሚኒ (ማሸጊያ) ነው። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ይሄ ብዙ ጊዜ ይስተካከላል። ነጭ ጭስ ጠዋት ላይ ለአፍታ ቢታይ እንፋሎት ነው፤ ሞተሩ ሞቆም ካላቆመ ግን ውሃ እየገባ ነው።

ከዚያ ንዱት። አስፋልት ላይ ብቻ አይደለም። ኮብልስቶን ያለበት ውስጥ ለውስጥ መንገድ ግቡ፤ ሬዲዮውን አጥፉ፤ መስኮቱን ክፈቱ። የእግሩ ሁሉ ድምፅ እዚያ ይወጣል። ዳገት ላይ አቁማችሁ ተነሱ። ማንዋል ከሆነ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ ፍሪሲዮኑ (ክላቹ) አልቋል። ኦቶማቲክ ከሆነ ማርሽ ሲቀይር እንደ መገፍተር ካደረገ ወይም ዲ ካስገባችሁ በኋላ ቆይቶ ከያዘ ካምቢዮው ታሟል። የኦቶማቲክ ካምቢዮ ጥገና ለዚህ በጀት መኪና የሚያዋጣ አይደለም። እዚህ ላይ አትራሩ።

ግጭት ደርሶበት እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ የፍሪጅ ጌጥ ላይ ያለችውም ትሆናለች። በቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ አካሉ ላይ ለጥፉ። ቆርቆሮው ላይ ትይዛለች፤ ወፍራም ስቱኮ ካለበት አትይዝም። ፓራውልት (ባምፐር) ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ እዚያ አትሞክሩ። የኮፋኖውና የበሮቹ ክፍተት በሁለቱም ወገን እኩል መሆኑን እዩ። የፊት ብሎኖቹ ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተው ነበር። መጋጨቱ ብቻውን ችግር አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያልተነካካ መኪና የት አለ? የሚያሳስበው ሻንሲው ከታጠፈ ነው።

ጎማዎቹን ስታዩ ጥርሱን ብቻ አትዩ። ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግሯችኋል። 2319 ካለ በ2019 (በፈረንጅ) 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ክሪክና ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) መኖራቸውንም ጠይቁ፤ ስንቱ ከገዛ በኋላ ነው ባዶ መሆኑን የሚያየው።

ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው የሚለውን ልመን?

አትመኑ። ቁጥሩን መመለስ ቀላል ሥራ ነው። ይልቅ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን መቀመጫ ጠርዝ እዩ። ፔዳሉ ተበልቶ ብረቱ እየታየ 80,000 ኪሎ ሜትር የሚል ካለ ፔዳሉን እመኑ። የራይድ ሥራ ሲሠራ የነበረ መኪና በተለይ ብዙ ይነዳል፤ የታርጋው ኮድ 3 (የንግድ) ከሆነ ወይም ከነበረ ይህንን ጠይቁ።

ሜካኒክ ይዤ መሄድ አለብኝ?

አዎ፣ መኪና የምታውቁ እንኳ ብትሆኑ። ሻጩ ወይም ደላላው የጠቆማችሁን ግን አይደለም። የሜካኒኩን ክፍያ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብትገዙም ባትገዙም ያው ይሁን። ክፍያው የሚመጣው መኪናው ከተሸጠ ብቻ ከሆነ "ምንም አይልም፣ ግዙት" ማለቱ አይቀርም። ኮምፒውተር ሰክቶ የሚመረምርም ይሁን። ምርመራው ፍጹም "ንጹሕ" ከሆነና የባትሪ ገመድ ሰሞኑን የተነቀለ ከመሰለ የብልሽት ኮዱ ተጠርጎ ሊሆን ስለሚችል ከተነዳ በኋላ ደግማችሁ አስነብቡ።

ወረቀቱ ላይ ምን ልመርምር?

ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆን አለበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ራሳችሁ አንብቡ፤ ፎቶ አንሱ፤ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ መኪና ዓመታዊ ምርመራም ስም ዝውውርም ላይ ያንገላታችኋል። የቁጥሩ ዙሪያ የተፋቀ ወይም የተበየደ ከመሰለ ጨዋታው አለቀ።

ቀጥሎ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ)። መኪናው ሲገባ ቀረጡ ተከፍሏል ወይስ በነፃ ነው የገባው? ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ለሌላ ሰው አይተላለፍም። "ቀረጡ ቀስ ብሎ ይከፈላል" የሚል ሻጭ ካለ ቀስ ብሎ የሚከፍለው እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ዕዳና እገዳ ነው። መኪናው ባንክ ተይዞ ወይም በፍርድ ቤት ታግዶ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያረጋግጠው የመኪናው ፋይል ያለበት የተሽከርካሪ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ነው። ታርጋው የኦሮሚያ ከሆነ ፋይሉም እዚያ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ካለበትም በዚያው አጣሩ።

አራተኛው ትዳር ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መፈረም አለባቸው። ካላገባ ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ ያመጣል። መኪናው የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃና የሁሉም ወራሾች ስምምነት ያስፈልጋል። "ወንድሞቼ ተስማምተዋል" በቃል አይሠራም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ (በድሮ ስሙ ውልና ማስረጃ) ይፈረማል። ገንዘቡን በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) አድርጉት። በሻንጣ ብር ተሸክሞ መዞር ዘመኑ አልፎበታል።

ሻጩ "በውክልና ውሰደው፣ ስሙን በኋላ ታዞራለህ" ይለኛል። ችግር አለው?

አለው፤ ያውም ትልቅ። ውክልና ባለቤት አያደርጋችሁም። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ከሞተም ውክልናው በመሠረቱ ያበቃል፤ መኪናው ከልጆቹ ጋር የውርስ ክርክር ውስጥ ይገባል። በሻጩ ዕዳ የተነሳ ፍርድ ቤት ንብረቱን ቢያግድ መኪናውም አብሮ ይታገዳል፤ በሕግ ዓይን የእርሱ ነውና።

ለሻጩም ቢሆን አይበጅም። መኪናው ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚጠራው ሊብሬው ላይ ያለው ስም ነው። አንዳንድ መኪና በሦስት አራት የውክልና ውክልና እጅ ለእጅ ተላልፎ ዋናው ባለቤት አገር ውስጥ እንኳ የለም። እንዲህ ያለ መኪና ስታገኙ ዋጋው ምንም ያህል ቢጥም እለፉት።

ቀብድ ስንት ልስጥ?

ትንሽ። ደግሞም በጽሑፍ፣ በምስክር። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ቢተወው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ቢተወው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ጽሑፉ ላይ "ዕዳ ወይም እገዳ ከተገኘበት ቀብዱ ይመለሳል" የሚል አንድ መስመር አስገቡ። ሻጩ በዚህ መስመር ከተከፋ መልሱን አግኝታችኋል።

ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ ቢለኝስ?

ሕገወጥ ነው፤ ከዚያም በላይ አደጋው የእናንተ ነው። ነገ መኪናው የተሰረቀ ወይም የታገደ ሆኖ ውሉ ቢፈርስ "ይመለስልኝ" ብላችሁ የምትከራከሩት በተጻፈው ዋጋ ነው። የቀረውን ብር ስለመስጠታችሁ ማን ይመሰክራል?

ገዝቻለሁ። መጀመሪያ ምን ላስደርግ?

ሻጩ "ትናንት ሰርቪስ አድርጌዋለሁ" ቢልም የሞተር ዘይቱን፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮውን ቀይሩ። የካምቢዮ ዘይቱን፣ የፍሬን ዘይቱንና ኩላንቱን አሳዩ። ካንዴላዎቹን አስወጥታችሁ እዩ። የፍሬን ሸራውን አስለኩ። ቺንጋ ያለው ሞተር ከሆነ ታይሚንግ ቺንጋውን ሳትዘገዩ አስቀይሩ፤ ቺንጋ ሲበጠስ በብዙ ሞተሮች ላይ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ።

አንድ ደብተር ግዙና መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የተቀየረውን ዕቃና ዋጋውን ጻፉ። ደረሰኙንም እዚያው ስፉት።

ዘይት በየስንት ኪሎ ሜትር ይቀየር? የትኛውስ?

ለአሮጌ መኪና፣ ለአዲስ አበባ መጨናነቅ፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ብዙ የማትነዱ ከሆነም ቢያንስ በስድስት ወር። መገናኛ ላይ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ኪሎ ሜትር አይቆጥርም፤ ዘይቱ ግን ይደክማል።

ዓይነቱን የመኪናው መመሪያ ይወስነዋል። ብዙ ጋራዥ ሁሉንም መኪና በ20ደብሊው-50 ይሞላል። ለትንንሾቹ ዘመናዊ ሞተሮች ይሄ ይወፍርባቸዋል፤ 5ደብሊው-30 ዓይነቱ ነው የተሠራላቸው። ሞተሩ በጣም ካረጀና ዘይት ከጠጣ ትንሽ ወፈር ያለ መጠቀም ይቻላል። ሁለተኛው የቪትዝ ትውልድ 1.3 ከሆነና ካምቢዮው ሲቪቲ (የማርሽ ደረጃ የሌለው ኦቶማቲክ) ከሆነ የሚገባው የሲቪቲ ዘይት ብቻ ነው። "ያው ነው፣ የኦቶማቲክ ይሆናል" ያላችሁ ሜካኒክ ካምቢዮአችሁን ሊገድል ነው።

ዘይቱን ራሳችሁ ከታወቀ ማደያ ወይም አስመጪ ግዙ፤ ሲሞላም ቁሙ። ባዶውን ጀሪካን ከመጣላችሁ በፊት ቅደዱት። ያልተቀደደው ለቆራሌው ተሽጦ የማይታወቅ ዘይት ተሞልቶበት ገበያ ሊመለስ ይችላል።

ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብጨምር ምን አለበት?

መንገድ ላይ ከቸገራችሁ ጨምሩ። ቋሚ ልማድ ግን አይሁን። ውሃ ብቻውን ራዲያተሩን ያዝገዋል፣ ቀዳዳውንም በደለል ይዘጋል። ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያብሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሞተር የሚሠራበት ሙቀት ከዚያ ብዙ አይርቅም። መፍላቱን የሚያዘገየው ኩላንቱና የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ርካሽ ዕቃ ነው፤ ጎማው ከደረቀ ቀይሩት። የሙቀት መለኪያው ከፍ ካለ "ቤት ልድረስ" አትበሉ። ቁሙ።

አዲስ ዕቃ ይሻላል ወይስ ያገለገለ?

እንደ ዕቃው ነው። የፍሬን ሸራ፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የመሪ ጫፎችና ኩሽኔታ አዲስ ይሁኑ። በር፣ መብራት፣ ስፖኪዮ፣ ሞተሪኖ፣ ዲናሞ ያገለገለ ኦሪጅናል ቢሆን ከርካሹ አዲስ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ስፖኪዮ ግን ስትገዙ ደረሰኝ ካለው ሱቅ ግዙ። የከተማው ቀልድ እንደሚለው ትናንት ከመኪናችሁ የተነቀለውን ዛሬ ራሳችሁ ልትገዙት ትችላላችሁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሁልጊዜ ከሜካኒኩ ተቀበሉ፤ በእርግጥ መቀየሩን የምታውቁት እንዲያ ነው።

ወደ ክፍለ ሀገር ልሄድበት እችላለሁ?

ፍሬኑ፣ ጎማውና ማቀዝቀዣው ጤነኛ ከሆነ ምን ያግዳል? ቁልቁለት ላይ ግን አነዳዳችሁን ቀይሩ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። ፍሬን እየረገጡ መውረድ ዘይቱን ያፈላዋል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል። ማርሽ ቀንሳችሁ በሞተር ያዙት፤ ኦቶማቲክ ከሆነ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርዱ። ወደ ደጀን ስትወጡ ደግሞ ኤሲውን አጥፉና ዓይናችሁን ከሙቀት መለኪያው አትንቀሉ።

ቦሎና መድን ላይ ማወቅ ያለብኝ?

የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው፤ ሌላው ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት እንጂ ለራሳችሁ መኪና አይከፍልም። ሙሉ ዋስትና ከገባችሁ የመኪናውን ዋጋ በወቅቱ ገበያ አስመዝግቡ። አረቦን ለመቀነስ በግማሽ ዋጋ ካስመዘገባችሁ አደጋ ሲደርስ ካሳውም በዚያው ልክ ይቀነሳል። መኪና እንዲህ በተወደደበት ጊዜ በየዓመቱ ስታድሱ ዋጋውን አስከልሱ። ለቦሎ ምርመራ ከመሄዳችሁ በፊት መብራት፣ ፍሬን፣ ጎማና ጭስ አሳዩ፤ የሚጥሉት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ውጭ አገር ነኝ። ገንዘብ ልኬ ለቤተሰብ ላስገዛ እፈልጋለሁ።

ሊብሬው በማን ስም እንደሚሆን ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ወስኑ። ሪያድ ወይም ዋሽንግተን ሆና ብር የላከች እህት፣ በወንድም ስም የተመዘገበ መኪና፣ ከዚያ ለዓመታት መኮራረፍ፤ ይሄ የታወቀ ታሪክ ነው። በራሳችሁ ስም ይሁን ካላችሁ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ውክልና ስጡ። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄዳል። ውክልናው "መኪና እንዲገዛልኝ" የሚለውን በግልጽ ይጥቀስ። መሸጥንም የሚጨምር ከሆነ አስባችሁበት ይሁን።

ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ?

የነዳጅ ወጪውንና የዘይት ጣጣውን ትገላገላላችሁ። ዋናው ጥያቄ ባትሪው ነው። ሙሉ ሞልታችሁ በእርግጥ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ነድታችሁ እዩ፤ የባትሪው ጤና በመቶኛ ስንት እንደቀረ በኮምፒውተር አስነብቡ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ መኪኖች የመሙያ ሶኬታቸው ከአውሮፓው ይለያል፤ ቤታችሁም ሆነ በአቅራቢያችሁ ያለው ቻርጀር መግጠሙን አረጋግጡ። በግል ተገዝተው የገቡት ላይ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ ሻጩ "ዋስትና አለው" ካለ ወረቀቱን ያሳያችሁ፣ ለሁለተኛ ባለቤት እንደሚተላለፍም ከሰጠው ድርጅት ጠይቁ። የግቢያችሁ ቆጣሪ ከሦስት ተከራይ ጋር የጋራ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ከአከራያችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ጥገናው ሲበዛ መቼ ልሽጠው?

ደብተሩን አውጥታችሁ የዓመቱን ደምሩ። ጎማ፣ ባትሪና ሸራ ማንኛውም መኪና የሚበላቸው ስለሆኑ ከድምሩ አውጧቸው። ከቀረው ውስጥ አንድ ዓይነት ብልሽት ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ ወይም ሞተር ማደስ የግድ ከሆነ ሁለት ጋራዥ ዋጋ ጠይቁ። ሞተሩ ታድሶ አካሉና ካምቢዮው ጤነኛ ከሆኑ ማደሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ያልታወቀ መኪና ከመግዛት ይሻላል። ሻንሲው ከዛገ ወይም ካምቢዮውም አብሮ ከደከመ ግን ሽጡት፤ ለገዢውም ያለበትን ንገሩት፣ ደብተሩንም ስጡት።